ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ሲል

ይግባኝ የሚለው ቃል የተበደለ ሰው ቃል ነው። ዳኛ ፍርድ አጐደለብኝ የሚል ሰው ነገሩ ከበላይ ዳኛ ዘንድ እንዲገባለት የሚጮኸው ጩኸት ነው። መንግሥት ራሱ በዐቃቤ ሕጉ አፍ «ቅጣቱ አንሷል» ብሎ ይህን ቃል ሲያሰማ እንግዳ ይመስላል። ወንበዴው ተይዟል፤ ተፈርዶበታልም፤ መንግሥት ምን ቀረበት?

ጥያቄው በመሣሪያ በሚፈጸም ዘረፋ ምክንያት ደጋግሞ የተነሣበት አንድ አገር አለ፤ እርሱም ከአውስትራሊያ ግዛቶች አንዱ የሆነው ኒው ሳውዝ ዌልስ ነው። በዚያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በቅጣት ማነስ ይግባኝ እንዲል ሕግ የፈቀደለት በ1924 ነው (ዘመኑን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። በአገራችንም በ1961፥ ማለት በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ይህንኑ ፈቅዷል። ሕግ አዋቂ የምትባለው እንግሊዝ ግን እስከ 1988 ድረስ እንዲህ ያለ ሕግ አላወጣችም። ያመነታችበት ምክንያት አይናቅም፤ አንድ ሰው ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ከቅጣት ፊት መቆሙ ከባድ ነገር ነውና። በ1977 የአውስትራሊያ ዋና ዳኛ ጋርፊልድ ባርዊክም እንዲህ ያለው ይግባኝ ከስንት አንዴ ብቻ፥ ለሕግ መሠረት የሚሆን ቁም ነገር ሲገኝ እንዲቀርብ አሳስበው ነበር።

በ1999 አምስት ዳኞች በአንድነት ተሰይመው በመሣሪያ የሚዘርፉ ሰዎችን ቅጣት መረመሩ። ዘወትር በፊታቸው የሚቀርበው ጥፋተኛ በሲኒማ የምናየው ዐይነት ሽፍታ አልነበረም። ወጣት ነው፤ የቀድሞ ጥፋቱ ጥቂት ነው፤ የያዘው ቢላዋ ነው፤ ብዙም ሳያስብበት ወደ ባለሱቅ ወይም ወደ ታክሲ ነጂ ይሄዳል፤ ያገኘው ገንዘብም ኢምንት ነው። ማስረጃው ሲከብድበት ያምናል። ሕጉ ለዚህ ወንጀል እስከ 20 ዓመት እስራት ይፈቅዳል። ዳኞቹ ግን የሚሰጠው ቅጣት ከችሎት ችሎት የተለያየና ከመጠን በላይ የቀለለ መሆኑን አይተው፥ ከ4 እስከ 5 ዓመት መነሻ እንዲሆን ወሰኑ። የአደንዛዥ ዕፅ ሱስም ብቻውን ቅጣት ማቅለያ አይሆንም አሉ። ይህ ለወጣት ጨካኝ ይመስላል። ነገር ግን ከሳጥኑ የተወሰደው ጥቂት ብር ቢሆንም፥ ቢላዋ የተደቀነበት ባለሱቅ በማግሥቱ ያንኑ ሱቅ ከፍቶ፥ በዚያው መደርደሪያ ኋላ ብቻውን መቆም አለበት። እርሱ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ በችሎቱ ተከራካሪ ወገን አይደለምና።

ዘረፋው ሲደጋገም ነገሩ ይወሳሰባል። አምስት ጊዜ የዘረፈ ሰው በእያንዳንዱ 5 ዓመት ቢፈረድበትና ቢደመር 25 ዓመት ይሆናል፤ ወጣትነቱ ከወህኒ ቤት አለቀ ማለት ነው። ሁሉም በአንድነት ይታሰርለት ቢባል ደግሞ አራቱ ባለሱቆች እንዳልተዘረፉ ይቈጠራሉ። በ1988 በስድስት ሳምንት ውስጥ በሁለት ግዛቶች ሦስት ዘረፋ የፈጸመ ሰው ጉዳይ ለአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ፥ የቅጣቱ ድምር ከጥፋቱ ሁሉ ጋራ መመዛዘን እንዳለበት ተፈረደ። በ1998 ደግሞ ዳኛ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ጥፋት የሚገባውን ቅጣት እንዲወስን፥ ከዚያ በኋላ ጠቅላላውን እንዲመለከት ታዘዘ። በእኔ አሳብ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም፤ የተዘረፈውን ሁሉ በስሙ ይቈጥራል፤ ጥፋተኛውንም በቍጥር አይቀብርም።

እስከ 2009 ድረስ የይግባኝ ዳኞች ቅጣት ሲጨምሩ፥ ሰውየው ሁለት ጊዜ ለፍርድ በመቆሙ ከሚገባው ጥቂት ይቀንሱለት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ልማድ ሻረ። ሆኖም ሥልጣናቸው በሙሉ አልተወሰደም፤ በ2011 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና። ዐቃቤ ሕጉ ዘግይቶ፥ ልጁ ከወህኒ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ወይም ጠባዩ መታረም ሲጀምር የቀረበ ይግባኝ፥ ቅጣቱ በእውነት ቀሎ ሳለ እንኳ ውድቅ ሊደረግ ይችላል።