የሻማ ጥይት በጎንደር

በዕረፍት ሰዓት ከምንወዳቸው ጨዋታዎች አንዱ «እመኑ፥ አትመኑ» ብለን የሰየምነው ነው። አንዱ ተማሪ ከመጽሐፍ ያገኘውን እንግዳ ነገር ይናገራል፤ የቀረነው እውነት ወይም ሐሰት ብለን እንፈርዳለን። በዚህ ዓመት ከቀረቡት መካከል ኦክቶፐስ የተባለው የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ እንዳለውና ቬነስ የተባለችው ኮከብ በራስዋ ላይ አንድ ጊዜ እስክትዞር ድረስ ዓመትዋ እንደሚያልቅባት የሚናገሩት ይገኙባቸዋል። ሁለቱንም ሐሰት ነው ብለን ፈረድን። ሁለቱም እውነት ሁነው ተገኙ። ቬነስ በራስዋ ላይ ለመዞር 243 የምድር ቀን ይፈጅባታል፤ ፀሐይን ለመዞር ግን 225 ቀን ይበቃታል።

ከዚህ በኋላ፥ ሰው የማያውቀውን ነገር ሲሰማ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለየው በምንድን ነው? የሚል ክርክር ተነሣብን። ለዚህ ጥያቄ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከ250 ዓመት በፊት በዚህችው በጎንደር ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ለአገሩ ሰዎች ያወራ፥ እነርሱም የፈረዱበት አንድ እንግዳ ነበረ። ስሙ ጄምስ ብሩስ ይባላል፤ ጎንደሬዎች ግን ያዕቆብ ይሉት ነበር። (ዓመታቱን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ብሩስ የስኮትላንድ ሰው፥ ቁመተ ረጅም፥ ኩራተኛና ቁጡ ነበረ። በ1769 በምጽዋ ገብቶ በየካቲት ወር 1770 ጎንደር ደረሰ። ዘመኑ የዳግማዊ አጼ ተክለ ሃይማኖት ቢሆንም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ገብቶ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በቁስቋም የመኳንንቱን ልጆች ይዞ ነበርና ብሩስ መስኮቱን አስከፍቶ፥ ቤቱን በኮምጣጤ አሳጥቦ፥ ዕጣንና ከርቤ እያጤሰ ሕሙማኑን አስታመመ። ከዚህ የተነሣ በቤተ መንግሥቱ ባለሟል ሆነ።

አሁን ወደ ሻማው እንመለስ። የራስ ሚካኤል ዘመድ የሆነ ገብረ መስቀል የሚባል ተኳሽ ነበረ። አንድ ቀን በተኩስ ነገር ከብሩስ ጋር ተከራከሩና ብሩስ፥ «አንተ በጥይት ከምታደርሰው ጉዳት እኔ በግማሽ ሻማ የማደርሰው አይተናነስም» ብሎ ተናገረ። የሰማው ሁሉ ሳቀበት፤ ነገሩም ወደ ፀብ ደረሰ። በኋላ ይህ ወሬ ከንጉሡ ጆሮ ገብቶ እንዲያሳይ ታዘዘ። ብሩስ የሞራ ሻማ ከሁለት ቆረጠና ግማሹን ከባሩድ በላይ በጠመንጃ አጐረሰ። ሦስት ጋሻ ተደርቦ ቀረበ። ሲተኩስ ሻማው ሦስቱንም ጋሻ በስቶ ወጣ። ሁለተኛውን ግማሽ ደግሞ በእንጨት ገበታ ላይ ተኩሶ ገበታውን ቀደደው። ነገሩ ምትሐት አይደለም። ለስላሳ ነገርም ቢሆን ፍጥነቱ እጅግ ከበዛ ለመበተን ጊዜ ሳያገኝ ያልፋል። ይህን በተግባር እንድናሳይ መምህራችንን ብንለምናቸው ግን በጄ አላሉንም።

ጎንደር በዓይኗ ስላየች አመነች። ሎንዶን ግን አላየችም። ብሩስ በ1774 አገሩ ገብቶ ያየውን ቢያወራ መጀመሪያ ጆሮ ሰጡት፥ በኋላ ሳቁበት። በአንድ ግብዣ ላይ፥ በሐበሻ አገር ምን ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያ አለ? ብለው ቢጠይቁት፥ አንድ ክራር ያየሁ ይመስለኛል አለ። በእንግሊዝኛ የክራርና የሐሰተኛ ስም በአነጋገር አንድ ነው፤ ሁለቱም «ላየር» ይባላሉ። በዚያ የነበረ ሴልዊን የተባለ ቀልደኛ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፥ እርሱ ከወጣ ወዲህ እዚያ አገር አንድ ጐድሏል አለ ይባላል። ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ተጠራጠረው። ጆንሰን ራሱ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1759 ስለ ሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። የልብ ወለዱ ደራሲ በተጓዡ ላይ ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያስጠላው የሥጋው ወሬ ነው። ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱን አላመኑትም! እኛ በዓል በመጣ ቁጥር ቁርጥ በሚጥሚጣ የምናይ ልጆች ይህን ስናነብ ከሳቅ በቀር ምን እንላለን? እንዲያውም አንድ ሰው በማዕድ ላይ፥ «ይህ የማይቻል ነው» ቢለው፥ ብሩስ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ገባና ጥሬ ሥጋ ጨውና በርበሬ ነስንሶ አምጥቶ፥ «ወይ ትበላለህ፥ ወይ ትገጥመኛለህ» ብሎት ሰውየው እያቃተተ እንደ በላ ይነገራል።

ሌላው ወሬው ግን ለእኛም አይጥምም። በአክሱም አጠገብ ሦስት ወታደሮች ላም እየነዱ ሲሄዱ ከነሕይወቷ ከታፋዋ ሥጋ ቆርጠው፥ ቆዳዋን መልሰው፥ ጭቃ ቀብተው ነዷት ብሎ ጻፈ። ወዳጆቹ ይህን ከመጽሐፍህ አውጣው ቢሉት እንቢ አለ። በኋላ ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ በትግራይ ብዙ ዓመት ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ነገር እንዳየ መሰከረ። ስለዚህ ብናፍርበትም ሐሰት ነው ልንል አንችልም። የተራበ ዘማች ሥራ እንጂ የአገር ሥርዓት ግን አይመስለንም። ብሩስ በጎንደር ግብዣ ሁሉ ላይ ከብት በደጅ ቁሞ ከነሕይወቱ ይቆረጣል ያለውንም አንቀበለውም።

መጽሐፈ ሄኖክንም እናንሣ። በአውሮፓ ይህ መጽሐፍ ከሺህ ዓመት በላይ ጠፍቶ፥ ሊቃውንቱ ስሙንና ጥቂት ቍራጭ ብቻ ያውቁ ነበር። በኢትዮጵያ ገዳማት ግን በግዕዝ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ተቈጥሮ ይነበብ ነበር። ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ፤ አንዱን ለፓሪስ፥ አንዱን ለኦክስፎርድ ሰጠ፥ አንዱን ለራሱ አስቀረ። በ1821 ሎረንስ የተባለው ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ1950ዎቹ በቁምራን ዋሻ የሄኖክ ቍራጭ በአራማይክ ቋንቋ በተገኘ ጊዜ፥ መላውን መጽሐፍ ጠብቆ ያቆየው ግዕዙ እንደ ሆነ ታወቀ።

እስካሁን ለብሩስ ስንሟገት ቆይተናል። ነገር ግን መዝገቡን እስከ መጨረሻው ስናገላብጥ ሌላ ነገር አገኘን። በኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ክብር ጠጣ። ከአውሮፓ ሰዎች የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎም ጻፈ። ይህ ሐሰት ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፓኝ መነኩሴ በ1618 ከአጼ ሱስንዮስ ጋር ሁኖ ምንጩን አይቷል። ፓኤዝ በ1622 በጎርጎራ ሞተ፤ የጻፈው ታሪክ ሳይታተም ብዙ ዘመን ስለ ቆየ ብሩስ ምስክርነቱን ሊያጣጥለው ቻለ። ብዙዎችም አመኑት። ስለ ሻማውና ስለ ሥጋው እውነቱን ሲናገር የሳቁበት ሰዎች፥ ስለ ዓባይ ሲዋሽ አጨበጨቡለት።

ሁለተኛው ሐሰት ከዚህ የከፋ መስሎ ታየን። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አስከትሎ መጥቶ ነበር። ዕፀዋቱንና አዕዋፉን የሳለው፥ የአየሩን ጠባይ በየቀኑ የመዘገበው እርሱ ነው። ወደ ግሽ ዓባይም አብሮ ሄዶ ተመልሶ በ1771 በጎንደር ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከጉዞው አስቀድሞ ሞተ ብሎ ጻፈ። በምንጩ ዳር ሁለተኛ ፈረንጅ እንዲኖር አልፈለገም ማለት ነው። ሥዕሎቹንም የራሱ ሥራ አስመሰላቸው።

በደጋችን በየጥሻው የሚበቅለውን ዋግኖስን የማያውቅ የለም። ብሩስ ተቅማጥ ይዞት በነበረ ጊዜ በዚህ ዕፅ ስለ ዳነ ወሬውን ወደ አውሮፓ ወሰደው፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም በስሙ «ብሩሲያ» ብለው ሰየሙት። ቅጠሉንና ፍሬውን እያየ የሳለው ባሉጋኒ ነው።