ቦሎኛ (የበረንዳዎች ከተማ)

ቦሎኛ በሰሜን ኢጣሊያ የኤሚሊያ ሮማኛ ክልል ዋና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ1088 እንደተመሠረተ በልማድ ይነገራል። የኪነ ሕንፃዋ መለያ በጠቅላላው 62 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙት ባለ ቅስት በረንዳዎቿ ናቸው፤ ዩኔስኮ በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ተማሪው ሲበዛና ቤት ሲጠብ ባለቤቶች ፎቃቸውን ወደ መንገዱ ገፍተው በምሰሶ ደገፉት፤ ከሥሩ የእግረኛ መተላለፊያ ተገኘ። በ1288 የወጣ የከተማዋ ደንብ በረንዳ መሥራትን ግዴታ አደረገ፤ ከፍታውም ፈረሰኛ እንዲያሳልፍ ተወሰነ።

በስትራዳ ማጆሬ ጎዳና ያለው የኢሶላኒ ቤት በረንዳ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈ ነው። ረጃጅም የባሉጥ እንጨት ምሰሶዎቹ ዛሬም ፎቁን ተሸክመዋል። ጎብኚው ግን አንጋጦ የሚፈልገው ጣሪያው ላይ ተሰክተዋል የሚባሉትን የአፈ ታሪክ ፍላጻዎች ነው፤ ምሰሶዎቹ የበለጠ ትኩረት ይገባቸው ነበር።

የቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ አርኪጂናዚዮ ግድግዳና ጣሪያው በተማሪዎች የቤተሰብ አርማ ተሸፍኗል። በውስጡ ያለው ከእንጨት የተሠራ የአስከሬን መመርመሪያ አዳራሽ በ1944 በቦምብ ፈርሶ፣ ከፍርስራሹ በተለቀሙ ቅርጻ ቅርጾች ጭምር እንደገና ተሠርቷል። እግሩ ያልደከመ ወደ ሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ በበረንዳ ስለተሸፈነ ዝናብም ፀሐይም አያገኘውም።