ከጥቁር ሰሌዳ እስከ አደባባይ፦ የአንድ የተማሪዎች መዝሙር ታሪክ

የነፃነት መዝሙር ሲነሣ በብዙ ሰው ዓይነ ኅሊና ፈጥኖ የሚመጣው አደባባይ ነው፤ ሰንደቅ ዓላማ የያዘ፣ ክንዱን ያነሣ፣ በአንድ ድምፅ የሚዘምር ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ የመዝሙሮችን ዱካ ወደ ኋላ ተከትሎ የሚመረምር ሰው አንዳንድ ጊዜ መነሻቸውን የሚያገኘው ከአደባባይ ርቆ፣ አንድ መምህር ጠመኔውን ይዞ በተማሪዎቹ ፊት ከቆመበት ክፍል ውስጥ ነው። «ንኮሲ ሲኬሌል ኢአፍሪካ» (እግዚአብሔር አፍሪካን ይባርክ) የተሰኘው የደቡብ አፍሪካ መዝሙር ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በጆሃንስበርግ ምድር ወርቅ የተገኘው በ1886 ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ጥቁሩ አፍሪካዊ ከእርሻውና ከከብቱ እየተነቀለ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ተጋዘ። ኢኖክ ሶንቶንጋ የተባለው ወጣት መምህር በላቭዴል ተምሮ በጆሃንስበርግ አቅራቢያ ወደሚገኝ የሜቶዲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጣው በዚህ ወቅት ነው። ሶንቶንጋ መምህርም፣ የመዘምራን መሪም፣ ፎቶግራፍ አንሺም ነበር። በ1897፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ፣ የመዝሙሩን የመጀመሪያ ስንኞች በኮሳ ቋንቋ ደርሶ ከነዜማው ለተማሪዎቹ አስጠናቸው። የጻፈውም ለጉባኤ ወይም ለሰልፍ አልነበረም፤ ልጆቹ በአንድነት እንዲዘምሩት ነበር።

መዝሙሩ የተጻፈበት ስልት «ቶኒክ ሶልፋ» ይባላል። ጆን ከርዌን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ይህ ስልት ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚሉትን ድምፆች በመነሻ ፊደላቸው ብቻ ያመለክታል፤ የምቱን ርዝመት በነጥብና በሰረዝ ይለካል። አምስት መስመር ያለው የኖታ ወረቀትም ሆነ ፒያኖ አያስፈልገውም። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የመምህሩ ድምፅ ይበቁታል። የድሀ ልጆች በአራት ድምፅ ተከፋፍለው፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ፣ ሙሉ ኅብረ ዜማ ማሰማት የቻሉት በዚህ ነው። በእኛ የዜማ ቤት ደቀ መዝሙሩ ከመሪጌታው አፍ እየተቀበለ እንደሚያጠና ሁሉ፣ በዚያም ትምህርቱ የሚተላለፈው በጆሮና በድምፅ ነበር። በዚህ መንገድ የተጠና መዝሙር መጽሐፉ ቢጠፋ አይጠፋም።

ቀጥሎ የሆነውም ይህን ያረጋግጣል። በ1899 መዝሙሩ በአንድ ጥቁር ቄስ የሹመት ሥርዓት ላይ በሕዝብ ፊት ተሰማ። ሶንቶንጋ በ1905 በወጣትነቱ አረፈ። ከዚያ በኋላ መዝሙሩን ያስፋፋው ጆን ዱቤ በናታል የመሠረተው የኦህላንጌ ትምህርት ቤት መዘምራን ቡድን ነበር፤ ይኸውም እንደገና የተማሪዎች ድምፅ ማለት ነው። በጥር ወር 1912 በብሉምፎንቴይን ከተማ በኋላ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ተብሎ የተጠራው ድርጅት ሲመሠረት መዝሙሩ በጉባኤው ላይ ተዘመረ። በ1923 ደራሲውና ጋዜጠኛው ሶሎሞን ፕላቼ ለንደን ውስጥ በሸክላ አስቀረጸው። በ1925 ኮንግረሱ መዝሙሩ አደረገው፤ በ1927 ደግሞ ባለቅኔው ምቃይ የጨመራቸው ሰባት አንጓዎች ታተሙ። በ1961 ታንጋኒካ፣ በ1964 ዛምቢያ ነፃ ሲወጡ ዜማውን በየቋንቋቸው ግጥም የብሔራዊ መዝሙራቸው ዜማ አደረጉት። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የተደረሰ ዜማ የሕዝቦች መጠሪያ ሆነ።

የአፓርታይድ ሥርዓትም የትምህርት ክፍል ምን ያህል ኃይል እንዳለው አልሳተም። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ የጥቁሮችን ትምህርት ከሚሲዮኖች እጅ አውጥቶ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አዋለው። የሕጉ ዓላማ ጥቁሩን ሕፃን ለነጩ ከማገልገል በላይ እንዳያስብ አድርጎ ማሳደግ ነበር። በ1974 ደግሞ ከትምህርቱ እኩሌታ የሚሆነው በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲሰጥ ታዘዘ። ነገር ግን ሰኔ 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በሺህ የሚቆጠር ሰልፍ አድርገው ሲወጡ በአፋቸው የነበረው ይኸው የመምህሩ የሶንቶንጋ መዝሙር ነበር። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከወደቁት መካከል ሄክተር ፒተርሰን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ሕጉ መምህሩንና መጽሐፉን መለወጥ ቻለ፤ ከእናትና ከአባት፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ቤት በጆሮ የተወረሰውን ዜማ ግን ከልጆቹ አንደበት መንጠቅ አልቻለም።

አፓርታይድ በ1994 ከወደቀ በኋላ ለመምህሩ ሌላ ከባድ ጥያቄ መጣ። ከ1997 ጀምሮ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መዝሙር የሶንቶንጋ መዝሙርና የቀድሞው መንግሥት መዝሙር «ዲ ስቴም» የተጣመሩበት ሆነ። በኮሳ፣ በዙሉ፣ በሶቶ፣ በአፍሪካንስና በእንግሊዝኛ ይዘመራል። እንግዲህ አንዲት የሶዌቶ ሕፃን «የአክስቴን ወንድም የገደሉት በዚህ ቋንቋ አልማርም በማለቱ ነው፤ እኔ ለምን እዘምርበታለሁ?» ብላ ብትጠይቅ መምህሩ ምን ይመልሳል? የአፍሪካንሱ ስንኝ ይውጣ የሚሉ ወገኖች ዛሬም አሉ። መምህሩ ጥያቄውን በዝምታ ቢያልፈው መዝሙሩ በየጠዋቱ የሚደገም ባዶ ቃል ይሆናል። የቂም ትምህርት ቢያደርገው ደግሞ ከጎኗ የተቀመጠውን፣ ቋንቋው ከእናቱ የተረከበው እንጂ የመረጠው ያልሆነውን ልጅ ይበድላል።

መልሱ በራሱ በሙዚቃው ውስጥ አለ። መዝሙሩ ከጂ ሜጀር ተነሥቶ በዲ ሜጀር ያልቃል፤ እንደ አብዛኞቹ ብሔራዊ መዝሙሮች ወደ ተነሣበት ድምፅ አይመለስም። ብልህ መምህር አስቀድሞ ልጆቹ ይህን በጆሮአቸው እንዲለዩት ያደርጋል፦ ሁለቱ መዝሙሮች የሚገናኙበትን መጋጠሚያ «እዚህ ላይ ነው» ብለው በጣታቸው እንዲያመለክቱ ይጠይቃቸዋል። ከዚያም የመጀመሪያውን የደረሰው ማን እንደ ሆነ፣ ሁለተኛውን ማን ይዘምረው እንደ ነበር፣ በሁለቱ መካከል በ1976 ምን እንደ ተፈጸመ ለዕድሜያቸው በሚመጥን ቃል ይነግራቸዋል። መጋጠሚያው ቁስልም፣ ስፌትም መሆኑን ልጁ ከሰማ በኋላ መዘመሩ የእርሱ ፈቃድ ይሆናል። የሕፃኗም ጥያቄ አልታፈነም፤ የትምህርቱ መነሻ ሆኗል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለደቡብ አፍሪካ ብቻ አይደለም። የነፃነት መዝሙርን ለሕፃናት ማስተማር በሁለት ወገን ይሳሳታል። አንደኛው ዜማውን ከታሪኩ ለይቶ የድምፅ ማሟሻ ብቻ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ታሪኩን መፈክር አድርጎ ልጁን በትእዛዝ ማስጮህ ነው። በትእዛዝ የተዘመረ ከአዛዡ ጋር ያልፋል፤ ይህን ለመረዳት ብዙ መንግሥታትን ያየ ሕዝብ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ሶንቶንጋ ግን ሹመትም ሥልጣንም አልነበረውም። ተማሪዎቹን ያስተማራቸው አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ የራሱን እንዲይዝ ነበር፤ ለነፃነት የተሰለፈ ሕዝብ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

የመምህሩ መቃብር በጆሃንስበርግ የብራምፎንቴይን መካነ መቃብር ውስጥ ለረጅም ዘመን ምልክት ሳይኖረው ቆየ። ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ በመስከረም ወር 1996 ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ በተገኙበት ብሔራዊ ሐውልት ተባለ። እስከዚያው ድረስ መቃብሩ የት እንደ ሆነ የማያውቁ ሚሊዮኖች ዜማውን ያውቁ ነበር። ዛሬም በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ በሕፃናት ፊት የሚቆም የሙዚቃ መምህር የሚሠራው ሥራ ትንሽ አለመሆኑን ከዚህ ሊረዳ ይገባዋል።