ማኅበር ይጠጣል፣ ስብሰባ ይጠራል

ይህን ንግግር በራዲዮ ሳትሰሙት ቀርታችሁ አሁን በወረቀት ላይ የምታነቡት፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር ብታስኬዱ የሚያፍርባችሁ የለም።

የዛሬው ጉዳያችን ሰው ከሰው ጋር ሲሰበሰብ የምንናገርባቸው ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? በየዘመኑስ ምን ሆኑ?

እስቲ ከዋጃ እንጀምር። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዚያ አገር ዝናቡ አያስተማምንም። ማሽላውን የሚያደርሰው ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፍ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ሌሊትም ይመጣል። አንድ ገበሬ ብቻውን አካፋ ይዞ ቢወጣ ጎርፉ እሱንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሰዉ ተባብሮ በእንጨት፣ በድንጋይና በአፈር ጎርፉን ይጠልፋል፤ ቦይ ይጠርጋል፤ ውሃውን በተራ ይካፈላል። ተራውን የሚያስከብረው ሰው በራያ «አቦ ማይ» ይባላል፤ የውሃ አባት ማለት ነው። የሚመርጡትም ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ብቻውን መኖር በማይቻልበት አገር የመሰብሰቢያ ቃል አይጠፋም። ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ፣ ቅሬ አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ጀመዓ አለ፣ እቁብ አለ። ሌላው አገር እድር የሚለውን በወሎ ቅሬ እንለዋለን። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ተገናኝተው ሙታቸውን የሚቀብሩበት ቦታም ብዙ ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስሙን ብቻ አትዩ፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣውን ግሥ እዩ። ግሥ ድርጊትን የሚናገር ቃል ነው። ወንፈል ይመለሳል፤ ዛሬ እኔ ለአንተ አንድ ቀን ካረምኩ፣ አንተም ለእኔ አንድ ቀን ታርማለህ። እቁብ ይጣላል። ሽማግሌ ይቀመጣል። ደቦ ይጠራል፤ የሚጠራውም የእርሻው ባለቤት ነው፤ ጠላውንም ንፍሮውንም የሚያቀርብ እሱ ነው። ማኅበር ግን ይጠጣል! ማኅበር ገባ፣ ማኅበር ጠጣ ነው የሚባለው።

«ማኅበር» የግዕዝ ቃል ነው። «ኀበረ» ማለት ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። ኅብረት የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው። የጥንቱ ማኅበር በወር አንድ ቀን፣ በቅዱሱ ወይም በቅድስቲቱ በዓል ይጠጣል። ድግሱ በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ሰው የሚገባው ፈልጎና ተፈቅዶለት ነው። አንዱ ማኅበርተኛ ሲታመም ሌላው ይጠይቀዋል፣ ሲሞት ይቀብረዋል።

ይህ ቃል አንድ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል። በጄኔቭ ከተማ መንግሥታት ተሰብስበው ያቆሙት ድርጅት በአማርኛ «የመንግሥታት ማኅበር» ተባለ። ኢትዮጵያም በመስከረም 1916 ዓ.ም. ገባችበት። የማኅበሩ ሕግ አንዱ አባል ሲወረር ሌሎቹ እንዲያግዙት ያዝ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ወረረችን። ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ዘይት ግን ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ። ያለ ነዳጅ መኪናና አውሮፕላን አይንቀሳቀስም፤ እነሱም ይህን ያውቁ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ውጊያ ሆነ። ማይጨው ለዋጃ ሰው ሩቅ አገር አይደለም። በሰኔ ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ሄደው በአማርኛ አቤት አሉ። በሐምሌ ማዕቀቡም ተነሣ። በእኛ አገር ቢሆን ከቀብር የቀረ ማኅበርተኛ ይቀጣል፤ የጄኔቮቹን ማን ይቅጣቸው?

ቃሉ ወደ አገሩ ሲመለስ ሌላ ሥራ ጠበቀው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። መሬቱን የሚደለድለው የገበሬ ማኅበር ሆነ፤ አንዱ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር መሬት ላይ ይቋቋም ተባለ። የሰው መሬት አርሶ ለባለ መሬት ሲገብር ለኖረ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ የተደሰተውም ብዙ ነው። ግሡን ግን እዩት። ያ ይጠጣ የነበረው ማኅበር አሁን ሰው የሚመዘገብበት ሆነ። ስብሰባ ተጠራ፣ ቀሪ ተቆጠረ፣ የቀረ ተቀጣ። መሬቱ በማኅበሩ እጅ ስለሆነ «አልገባም» ማለት ለገበሬ ቀላል አልነበረም። ስሙ ያው ነው፤ በሩ ግን ሌላ በር ነው።

«ዘመቻም» እንደዚሁ ነው። ዘመተ ማለት ጦርነት ሄደ ማለት ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተማሪውና አስተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በጦር ፈንታ ጠመኔ ተያዘ። በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠረ ሰው ዛሬም በየመንደሩ አለ።

ከውጭ የመጡ ቃላትም አሉ። «ኮሚቴ» ከፈረንጅ አገር የመጣ ቃል ነው፤ አነባበቡም እንደ ፈረንሳይኛው ነው። ዱሮ በአገራችን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ፈረንሳይኛ የሚታወቅበት ጊዜ ነበርና። «ዩኒየን» የተባለው የገበሬ ኅብረት ሥራ ስም ደግሞ ከእንግሊዝኛ መጣ። እሱም ትርጉሙ ኅብረት ነው፤ ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ገባ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ስብሰባ ሲያልቅ አንድ ሰው በደብተር ይጽፋል። ያ ጽሑፍ «ቃለ ጉባኤ» ይባላል። ጉባኤ «ገብአ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ገባ፣ ተሰበሰበ ማለት ነው። ቃለ ጉባኤ እንግዲህ የተሰበሰበው ሰው ቃል ነው። ዱሮ ማንበብ የማይችለው ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም ነበር። በላዩ ምን እንደተጻፈ ግን አያውቅም። ያልተናገረውን ተናግሯል ቢባልስ በምን ያውቃል?

እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ደብተሩ ሲቀርብላችሁ «ቆይ፣ ላንብበው» በሉ። ሰው ቢቸኩልም ይጠብቅ። ግሡን ፈልጉ። «ተስማምተናል» ይላል? ወይስ «ተነግሮናል» ነው የሚለው? ሁለቱን ቃላት እዚህ ገጽ ግርጌ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፏቸው። ከዚያም በአካባቢያችሁ ለመሰብሰብ የምትሉትንና እኛ ያላነሳነውን አንድ ቃል ከነግሡ ጨምሩበት።