ራንሲዮ

የኮኛክ ቀማሾች አንድን ያረጀ ብራንዲ አሽትተው «ራንሲዮ አለው» ካሉ፣ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የላቸውም። ቃሉ በስፓኒሽ ቅባቱ የሸተተ ምግብንም ይገልጻል። ለጋ ቅቤና የቆየ ቅቤ ወጥ ላይ ያላቸውን ልዩነት ለሚያውቅ አንባቢ ግን ይህ ግራ አያጋባውም።

ራንሲዮ ዋልነትን፣ እንጉዳይንና የእርጥብ ጫካ አፈርን፣ አንዳንዴም ሻጋታማውን የሮክፎር አይብ ያስታውሳል። አይቡ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። መጠጡ በኦክ በርሜል ውስጥ ለዓመታት ሲተኛ፣ ከወይን ጠጁ የመጡት የስብ አሲዶች ቀስ በቀስ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐዱ ሜቲል ኬቶን የሚባሉ ውሁዶችን ይፈጥራሉ፤ ለሮክፎር መዓዛውን የሚሰጡትም እነዚሁ ናቸው። የስብ አሲዱ በብዛት የሚገኘው ደግሞ በእርሾው አተላ ውስጥ ነው። ከኮኛክ አምራቾች መካከል ሬሚ ማርተን ወይን ጠጁን ከነአተላው በማንጠር ይታወቃል፤ ማርቴል ግን አተላውን አስቀድሞ ይለያል።

ቀማሽ ዕድሜን ሲገምት በቀለም መታለል የለበትም። በኮኛክ ላይ ካራሜል መጨመር የተፈቀደ ስለሆነ፣ ጥቁርነት የዕድሜ ምስክር አይሆንም።

በኮኛክ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው «ኤክስ ኦ» የሚለው የዕድሜ ምልክትም እስከ 2018 ድረስ በበርሜል 6 ዓመት ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 10 ሆኗል። ራንሲዮ በግልጽ መሽተት የሚጀምረውም መጠጡ በበርሜል 10 ዓመት ገደማ ሲሞላው ስለሆነ፣ ለውጡ ተገቢ ነው። ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠበት ጊዜ ግን አይቆጠርም፤ ኮኛክ በመስታወት ውስጥ አያረጅም።