በጥፍር ዙሪያ የሚያድግ ትርፍ ሥጋ፦ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚደረግ እንክብካቤ

የእግር አውራ ጣት ጥፍር ጠርዙ ወደ ጎን ሥጋ ሲገባ ቆዳው ይቆስላል፣ ያብጣል። ውጊያው ካላቆመ ሰውነት ቁስሉን ለመሙላት ሲታገል ቀይ፣ እርጥብና በቀላሉ የሚደማ ትርፍ ሥጋ ያበቅላል። ሥጋው አድጎ የጥፍሩን ከፊል ሊሸፍን ይችላል።

መንስኤ

ዋናው ምክንያት የጥፍርን ጥግ አጥልቆ በክብ መቁረጥ ነው። ጣትን የሚያጣብቅ ጫማ፣ በኮንጎ ወይም በቦቲ ጫማ ውስጥ የሚጠራቀም ላብ፣ እንዲሁም በድንጋይ ወይም በዶማ መመታት ችግሩን ያባብሳሉ።

ያለ ቀዶ ሕክምና የሚደረግ ሕክምና

የሕክምናው መሠረት ጥፍሩ ሥጋውን መውጋቱን እንዲያቆም ማድረግ ነው። ትርፉ ሥጋ ብቻ ቢወገድ፣ ጠርዙ እዚያው እስካለ ድረስ ተመልሶ ይበቅላል።

• እግርን በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍና በሚገባ ማድረቅ፤
• ከተዘፈዘፈ በኋላ ንጹሕ የጥጥ ፈትል በጥፍሩ ጠርዝ ሥር በቀስታ ማስገባትና በየቀኑ መለወጥ፤
• ያበጠውን ቆዳ ከጥፍሩ በሚያርቅ አቅጣጫ በፕላስተር ስቦ ማሰር፤
• ጥፍሩ ሲያድግ ጥጉን ሳይነኩ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፤
• ሰፊ ወይም ፊቱ ክፍት የሆነ ጫማ ማድረግ።

በጤና ተቋም ደግሞ ባለሙያው ትርፉን ሥጋ በሲልቨር ናይትሬት ሊያደርቀው ወይም እብጠት የሚቀንስ ቅባት ሊያዝ ይችላል። መሻሻል ለማየት ሳምንታት ያስፈልጋሉ። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከ12 እስከ 18 ወራት ይፈጅበታልና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዘነበወርቅ የሚገኝ ትምህርት

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተመሠረተ። ዛሬም በቆዳ ሕክምና ይታወቃል። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ ታማሚው እግሩ ሲቆስል ሕመም ላይሰማው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት እግር የሚሰጠው እንክብካቤ ቀላል ነው፦ በየቀኑ እግርን መመርመር፣ በውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባትና ተስማሚ ጫማ ማድረግ።

ከመዘፍዘፉ በስተቀር ይህ ልማድ እግሩ ለደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛም ይጠቅማል። ነገር ግን እግሩ የደነዘዘ ሰው የውኃውን ሙቀት በእግሩ ሊለይ ስለማይችል በክርኑ ወይም በሌላ ሰው እጅ ያስለካ። በጣቱ ቁስል ወይም ትርፍ ሥጋ ካየም በቤት ሳይሞክር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ጥንቃቄ

በምላጭ መቁረጥ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ የባትሪ አሲድ ወይም እበት መቀባት ጉዳቱን ያከፋል። አፈርና እበት የነካው ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋልጣል። በጥፍር ዳር የሚያሳክክና መሐሉ ጥቁር ነጥብ ያለው እብጠት ደግሞ ሙጀሌ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል።

መግል፣ ትኩሳት ወይም ወደ ላይ የሚዘልቅ መቅላት ከታየ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በሳምንታት እንክብካቤ ያልዳነ ወይም የጠቆረ እድገትም እንዲሁ መመርመር አለበት፤ አልፎ አልፎ የቆዳ ካንሰር በጥፍር ሥር ትርፍ ሥጋ መስሎ ይታያልና።