አመልካች ምን ያመለክታል?

የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አፉን በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ ወይም በመጀንግኛ የፈታ መምህርም በቢዝነስ ዘርፍ ሦስተኛ ዲግሪ ለመማር ሲነሣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚጻጻፈው በአማርኛ ነው። ማመልከቻ ያስገባል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ለፈተና ይመዘገባል፣ ከተሳካለትም እጩ ዶክተር ይባላል። እነዚህ ቃላት ከአፋችን ስለማይጠፉ ምን እንደሚሉ ማዳመጥ ትተናል። ሥርወ ቃላቸውን ለመረመረ ግን አመልካቹ ምን መጻፍ እንዳለበት በግልጽ ይናገራሉ።

«አመለከተ» ጠቆመ፣ አሳየ ማለት ነው። «ምልክት» የዚሁ ግስ ዘር ነው። ከአውራ ጣት ቀጥላ ያለችው አመልካች ጣት ትባላለች፤ ሰዋስውም «ይህ»ንና «ያ»ን አመልካች ተውላጠ ስም ይላቸዋል። ከዚያው ሥር «ተመለከተ» ወጥቷል፤ አየ፣ አስተዋለ ማለት ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለን የምንጽፈውም ከዚሁ ነው። እንግዲህ በማንኛውም ማመልከቻ ውስጥ የሚያመለክት ሰው አለ፣ የሚመለከት ሰው አለ፣ በመካከላቸውም የሚታይ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ይህ ሦስተኛው ነው።

«አቤቱታ» ከዚህ የተለየ ነው። «አቤቱ» ጌታ ሆይ ማለት ሲሆን፣ «አቤት!» ተበደልሁ ባይ በዳኛ ወይም በንጉሥ ደጅ የሚያሰማው ጩኸት ነበር። የቢሮ ደብዳቤያችን ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል። ቀኑ በስተቀኝ ይጻፋል፣ «ጉዳዩ፦» ተብሎ ይሰመርበታል፣ መጨረሻው ላይ «እንዲደረግልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ይባላል። ለዓመት ፈቃድና ለዝውውር ይህ ደንበኛ አጻጻፍ ነው፤ ለዶክትሬት ግን አይበቃም። «የመማር ከፍተኛ ፍላጎት ስላለኝ ዕድሉ እንዲሰጠኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር አቤት ይላል እንጂ ምንም አያመለክትም። «ለስደተኞች የሚታደል እህል በጋምቤላዋ ኢታንግ ገበያ ላይ ሲወጣ የአካባቢው ገበሬ የበቆሎ ዋጋ ምን ይሆናል? ነጋዴውስ ዱቤ የሚሰጠው ማንን አምኖ ነው?» የሚል ጥያቄ ግን ያመለክታል። ከ300 ሺሕ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በተጠለሉበት ክልል ይህን ጥያቄ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የዘርፉ ስም «ንግድ» ደግሞ ከጋምቤላ ታሪክ ጋር ይገጥማል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት «ነገደ» ተጓዘም፣ ሸቀጠም ማለት ነው። «እንግዳ»ም ከዚሁ ሥር ነው፤ ከመንገድ የመጣ ሰው ነውና። የነጋዴዎች አለቃና የጉምሩክ ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ንግድ ጉዞ መሆኑ በጋምቤላ በዐይን የሚታይ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች በተዋዋሉት መሠረት፣ አኙዋኮች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ ዳር ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ወንዙ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመጣል፤ ከጎሬና ከቡሬ በኩል በበቅሎና በሰው ሸክም የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይዞ ይመለሳል። ውኃው ሲጎድል መርከቡ ይቀራል፤ ቡናውን በጊዜው ያላደረሰ ነጋዴ ገንዘቡ እስከ መጪው ክረምት ታስሮበት ይቆያል። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ይህ ንግድ የዶክትሬት ጥናት ሆኖም ያውቃል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት የኢትዮጵያና የሱዳንን ግንኙነት በምዕራቡ ድንበር በኩል የመረመረ ነበር፤ በ1987 ደግሞ ከ1904 እስከ 1935 የነበረውን የጋምቤላን ንግድ ለብቻው የሚመዝን ጽሑፍ አሳተሙ። ከእሳቸው በፊት የድሬዳዋው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ጽፈው ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። የጉምሩክ ሹም ከዕለት ሥራው ተነሥቶ ስለ አገር ሀብት መመራመር እንደሚችል እሳቸው ምስክር ናቸው።

«ሐሳብ» እና «ሒሳብ» ወንድማማች ናቸው። የግእዙ «ሐሰበ» አሰበም ቈጠረም ማለት ነው፤ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነው ባሕረ ሐሳብ በስሙ የያዘው «ሐሳብ» ቁጥሩ ነው። «ሒሳብ» የዐረብኛው ዘመድ ነው። የቢዝነስ ዶክትሬት ሁለቱንም ባንድነት ይጠይቃል። ኤም.ቢ.ኤ. ሥራ አስኪያጅ ያዘጋጃል፤ ፒ.ኤች.ዲ. ግን ተመራማሪ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኢኮኖሚክስ፣ በስታቲስቲክስና በጥናት ዘዴ ያልፋሉ። ስለዚህ «ድርጅት ማቋቋም እፈልጋለሁ» የሚል አመልካች የተሳሳተ በር አንኳክቷል። በትራንስክሪፕቱ ላይ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ውጤቱ ደካማ የሆነ ሰውም ከማመልከቱ በፊት ያንን ቢጠግን ይሻለዋል።

«ጥናት» የ«ጽናት» መንትያ ነው። የግእዙ «ጸንዐ» በአማርኛ «ጠና» ሆኗል፤ ጸጉርን ጠጉር እንደምንለው ማለት ነው። አጠና ማለት አጸና፣ አጠነከረ ነው። ዝግጅቱ በአንድ ወር ጥድፊያ የማይሆነውም ለዚህ ነው። የብዙዎቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጋው በታኅሣሥና በጥር ስለሆነ ዓመት ቀደም ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ጂማት ወይም ጂ.አር.ኢ. የሚባል የመግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ። የአሁኑ ጂማት ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ 64 ጥያቄ ሲሆን፣ ውጤቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። በአገር ውስጥ የሚያመለክት ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋትን ይቀመጣል።

«ድጋፍ» ያዘመመ ቤት የሚቆምበት እንጨትም ስም ነው። «የድጋፍ ደብዳቤ» ስንል ሳናውቀው አመልካቹ ሊወድቅ ነው እያልን ነው። የሚሻለው ስም «ምስክርነት» ነው፤ ምስክር ያየውን ይናገራል። «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ነው» የሚል የኃላፊ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሚዛን አያነሣም። «ለማስተርስ ጥናቱ የሰበሰበው መረጃ ከመላምቱ ጋር አልገጥም ሲለው መረጃውን ሳይነካ መላምቱን ለወጠ» ብሎ የሚጽፍ አማካሪ ግን አይቶ መሰከረ። ደብዳቤ የሚለመነው ከማዕረግ ሳይሆን ሥራን ከሚያውቅ ሰው ነው።

የመጨረሻው ቃል «እጩ» ነው። ሥሩ የግእዙ «ሐፀየ»፣ የአማርኛው «አጨ» ነው፤ እጮኛም የዚያው ዘር ናት። መተጫጨት የሁለት ወገን ጉዳይ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል በዓመት ጥቂት ሰው ብቻ ተቀብሎ አምስት ዓመት ያህል ሲያስተምር፣ በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም የትምህርት ክፍያውን ሰርዞ ደመወዝ ሲከፍል፣ የሚጠይቀው «ይህን ሰው ማን ያማክረዋል?» ብሎ ነው። አመልካቹም የመምህራኑን ጽሑፎች አንብቦ፣ የኢታንጉ ጥያቄ ከማን ጥናት ጋር እንደሚገናኝ በስም ጠርቶ መጻፍ አለበት። ይህን ካላደረገ ያላያትን ሴት እንደ ማጨት ይሆንበታል።

«ዶክተር» ራሱ በላቲን «ዶኬሬ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ማስተማር ማለት ነው። በአገራችን የሐኪም መጠሪያ ሆኖ የለመድነው ቃል መነሻው መምህር ነበር። የጋምቤላው አመልካች ደብዳቤውን ሲጨርስ ከምስጋናው በፊት፣ ይህን ጥያቄ ከመለሰ በኋላ ማንን ምን እንደሚያስተምርበት አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምር። የክልሉ ገበያ በራሱ መረጃ የሚያስተምርበት ዶክተር ያስፈልገዋል፣ ያንን ሰው የሚያስገኘውም በትክክል የሚያመለክት ማመልከቻ ነው።